በእሳት ወራት የማይደርቅ አጥር፦ እሬትን በጓሮ ማልማት

የመኸሩ እህል ከአውድማ ገብቶ፣ ገለባው ተከምሮ፣ ሣሩ ቢጫ ለብሶ ነፋሱ በሚነሣበት ወቅት፣ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ሁሉ በጥቂት ካሬ ሜትር ቦታ ላይ አከማችቶ ይገኛል። እህሉ በጎተራ፣ ጭዱ በክምር፣ ኩበቱ በግድግዳ ሥር፣ ጥጃው በጋጥ፣ ሕፃኑ በጎጆ ውስጥ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት አንዲት ፍንጣሪ ከዚህ ስፍራ ብትወድቅ የሚጠፋው ቤት ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ቀለብ፣ የበሬው መኖና ለመጪው ክረምት የተቀመጠው ዘርም አብሮ ይነድዳል።

በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣውን እሳት አገር ሁሉ ሰምቶታል። በሰሜን ተራሮች ጓሳውና አስታው ሲነድድ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ግን ዜና ስለማይሆነው እሳት ነው፤ ከማሳ ቃጠሎ ወይም ከማር ቆራጭ ችቦ አምልጦ፣ በደረቅ አጥር ላይ ተስቦ፣ አንድ ጎጆና አንድ ክምር በልቶ ስለሚጠፋው እሳት።

እንዲህ ያለውን እሳት ከሜዳ ወደ ደጃፍ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ አጥሩ ራሱ ነው። ከደረቀ እሾህ፣ ከጭራሮ ወይም ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የታጠረ አጥር በበጋ ወራት እንደ ኩራዝ ክር ነው፤ አንዱ ጫፍ ከተለኮሰ እሳቱ ሌላው ጫፍ እስኪደርስ አይቆምም። በአጥሩ ሥር የበቀለው ሣርና ሰንበሌጥም አብሮ ደርቆ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ለቤት ቅርብ የሆነውን ይህን ደረቅ አጥር፣ በእሳት ወራት እንኳ ውኃ በያዘ ተክል ልንተካው አንችልምን? እንችላለን፤ ተክሉም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። እሬት ነው።

እሬትን ብዙዎቻችን የምናውቀው በመራራነቱ ነው። እናቶች ልጅ ጡት ለማስጣል ይቀቡታል፤ በንግግራችንም የመረረ ነገር ሁሉ በእርሱ ይመሰላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ኒቆዲሞስ ለጌታ ግንዘት ከከርቤ ጋር ቀላቅሎ ያመጣው በመሆኑ ስሙ ለምእመናን ጆሮ እንግዳ አይደለም። አጥር ሆኖ ቤትን ከእሳት እንደሚያግዝ ግን እምብዛም አይነገርለትም። ዓመት ከዓመት የሚኖር፣ ድርቅን የሚችል፣ ደማቅ አበባ የሚያወጣ፣ ሲተክሉትም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ተክል መሆኑን ስናስብ ይህ ዝምታ ያስገርመናል።

እሬት ቶሎ የማይነድደው ስለ ምንድን ነው?

አንድ ነገር እንዲነድድ አስቀድሞ በውስጡ ያለው ውኃ ተንኖ ማለቅ አለበት። እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ የከተተች እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ጭሱ ዓይኗን ያስለቅሳታል እንጂ ነበልባሉ አይመጣላትም። የእሬት ቅጠል መካከል ያለው ለስላሳና የሚያሟልጭ ክፍል ከ95 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ይህን ያህል ውኃ ማድረቅ ቀላል ሥራ አይደለም። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተነሥቶ እስኪፈላ ከሚወስደው ሙቀት ይልቅ፣ ያው የፈላ ውኃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ሆኖ እስኪያልቅ የሚወስደው ሙቀት ወደ ሰባት እጥፍ ይጠጋል። የሣር እሳት ደግሞ ችኩል ነው፤ በነፋስ እየተገፋ በአንድ ስፍራ ለአጭር ጊዜ ብቻ ቆይቶ ያልፋል። እሬቱ ዘንድ ሲደርስ የዳር ቅጠሎችን ይለበልባል፣ ጫፋቸውን ያጠወልጋል፤ ውኃውን ጨርሶ ቅጠሉን ለማቀጣጠል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም።

በዚያ ላይ እሬት በቅጠሉ ውስጥ እንደ ባሕር ዛፍ የሚቀጣጠል ዘይት፣ እንደ ፈረንጅ ጽድም ሙጫ የለበትም። በከተማ ብዙ ሰው ለጥላና ለውበት ብሎ በአጥሩ ዙሪያ የሚያሳድገው የፈረንጅ ጽድ፣ በውጭ አረንጓዴ መስሎ በውስጡ የደረቀ ቅርንጫፍ አምቆ የሚይዝ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ከተያያዘ ነበልባሉ ከጣሪያ በላይ ይዘልላል።

እሬት ይህን ሁሉ ውኃ ዝናብ በሌለበት ወራት ይዞ የሚቆየው በአተነፋፈሱ ነው። አብዛኞቹ ዕፀዋት በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ከፍተው አየር ሲያስገቡ ውኃቸውም በፀሐዩ ይተናል። እሬት ግን ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል። በቀዝቃዛው ሌሊት የሳበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አኑሮ፣ በማግስቱ ቀዳዳዎቹን እንደ ዘጋ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራበታል። ሰም የተቀባ የሚመስለው ወፍራም ቆዳውም ውኃው እንዳያመልጥ ያግዘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን ሊነገር ይገባል። እሳት ፈጽሞ የማይበላው ተክል የለም። በጽኑ ድርቅ ቅጠሉ ቀጥኖ የተጨማደደ እሬት ከለመለመው እሬት ያነሰ ይከላከላል። ከጎኑ ግንድ ወይም የጭድ ክምር ሲነድድ ከዋለም እሬቱ ደርቆ ይቃጠላል። ከሁሉ በላይ፣ እሬት በምድር ላይ እየተሳበ የሚመጣውን እሳት ያዘገያል እንጂ በነፋስ ተሸክሞ በሣር ክዳን ላይ የሚወርደውን ፍንጣሪ አያስቆምም። ይህን ሳይረዳ እሬት ተክሎ ክምሩን ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር ያስጠጋ ሰው ቤቱን ጠበቀ ሊባል አይችልም።

የትኛውን እሬት እንትከል?

በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሌላ አገር አይገኙም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ የዕፀዋት ተመራማሪ ኢንገር ኖርዳል በእነዚህና በዘመዶቻቸው ላይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። በከተማ በየአበባ መሸጫው «አሎ ቬራ» እየተባለ የሚሸጠው ግን ከዐረብ ምድር የመጣው ዝርያ ነው። ለቆላና ለወይና ደጋ ጓሮ መልካም ነው፤ ውርጭ ግን ይጎዳዋልና በደጋ አንመክረውም።

ለደጋው አገር የራሱ እሬት አለው። ሳይንሳዊ ስሙን ከደብረ ብርሃን ያገኘው አሎ ደብራና በከፍታው ሣራማ ቦታ የሚበቅል፣ በቁመቱ አጠር ያለ፣ ቀላ ያለ አበባ የሚያወጣ ነው። በገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው፣ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላው አሎ ፑልኬሪማ ደግሞ ስሙ በላቲን «እጅግ ውብ» ማለት ነው፤ ስሙም ይገባዋል። በሰሜኑ ክፍል ቢጫና ብርቱካንማ አበባ ያለው አሎ ካምፐሪ፣ በትግራይም ከአዲግራት ስሙን የወሰደው አሎ አዲግራታና ይገኛሉ። አንባቢ ግን ስም ፍለጋ ሊደክም አይገባውም። የእኛ ምክር አጭር ነው፦ በራስዎ ቀበሌ፣ በራስዎ ከፍታ ላይ ለብዙ ዓመታት ጸንቶ የቆየ እሬት ከጎረቤት ጓሮ ካለ እርሱን ይትከሉ። የቦታውን ውርጭ፣ ድርቅና አፈር አስቀድሞ ፈተናውን አልፏልና።

ስለ ቁልቋልና ስለ በለስ የሚጠይቁን አሉ። ሁለቱም ውኃ አዘል ናቸው፤ ከደረቅ እሾህ አጥርም ይሻላሉ። ነገር ግን የቁልቋል ወተት ዓይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ደጅ ባይኖር እንመርጣለን። በለስ ለምግብም ለመኖም የሚጠቅም ቢሆንም ከተተከለበት እየወጣ ማሳና ግጦሽ ይወርራል፤ በትግራይ እንደታየውም ኮችኒል የሚባለው ነፍሳት ሲገባበት አጥሩ በሙሉ ይደርቃል። የደረቀ በለስ ደግሞ ማገዶ ነው። ቃጫም እሳትን ይችላል፤ ዳሩ ግን ቦታ ይፈጃል፣ የቅጠሉ ጫፍ እንደ መርፌ ይዋጋል፣ አንድ ጊዜ አብቦም ይሞታል። የወፍ ቆሎን ለአጥር የሚያሳድግ ሰው ካለ ግን እንዲተወው አጥብቀን እንመክራለን፤ መጤ ወራሪ ነው፣ በበጋም ፈጥኖ ይነድዳል።

ቦታው ከተክሉ ይቀድማል

ከተከላ በፊት በግቢው ዙሪያ መዞርና እሳት ከየት ሊመጣ እንደሚችል መመልከት ያስፈልጋል። በጋውን የሚነፍሰው ነፋስ ከየት አቅጣጫ ነው? የጎረቤት ማሳ ገለባ የሚቃጠለው በየት በኩል ነው? ቤቱ ተዳፋት ላይ ከሆነስ ቁልቁለቱ በየት ነው? እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፤ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ እያደረቀ ይሄዳልና። በእሳት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ግምት አለ፤ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በእጥፍ ያህል ያድጋል። ስለዚህ ያለው ቡቃያ ጥቂት ከሆነ ግቢውን ሁሉ በስሱ ከመክበብ ይልቅ የቁልቁለቱንና የነፋሱን ወገን አስቀድሞ በሚገባ መትከል ይሻላል።

ከቤቱ ግድግዳ ጀምሮ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ምንም የሚነድድ ነገር የሌለበት ባዶ መሬት ይሁን፤ እሬትም ቢሆን አይተከልበት። በየማለዳው ደጇን የምትጠርግ እናት ይህን ሥራ ሳታውቀው ስትሠራው ኖራለች፤ እኛም የምንጨምረው ጥቂት ነው፦ መጥረጊያው ከደጃፉ ፊት አልፎ በቤቱ ጀርባም ይዙር። ኩበቱ፣ ጭራሮውና የማገዶ እንጨቱ ከግድግዳው ይራቁ። የጭድ ክምሩ ቢቻል ከቤቱ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ፣ ነፋሱ ከክምሩ ወደ ቤት በማይነፍስበት ወገን ይቀመጥ። ቦታ የጠበበው ሰው ክምሩን ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ በአንድ ስፍራ ቢያደርግ መልካም ነው፤ በየጓሮው ተራርቆ ከሚቀመጥ ይልቅ በአንድ ቦታ ያለውን በእሬት መክበብና መጠበቅ ይቀላል።

የእሬቱ መሥመር የሚገባው በግቢው ዳር ነው። አሮጌውን ደረቅ አጥር ሳያነሡ እሬቱን ከጎኑ መትከል ትርጉም የለውም፤ ደረቁ አጥር ሲነድድ እሬቱንም ይዞት ይሄዳል። ይሁንና ከብት እንዳይገባ የሚሰጋ ሰው እሬቱ እስኪጠነክር ድረስ አጥሩን በየክፍሉ እያፈረሰ ሊተካ ይችላል። ድንጋይ በሚገኝበት አገር አጭር ካብ ሠርቶ እሬቱን በካቡ ውጭ መትከል ከሁሉ ይበልጣል፤ ካቡ የሣሩን እሳት ይገታል፣ እሬቱ ደግሞ ከብቱ ካቡን እንዳያፈርሰው ይከለክላል። ከብትና ፍየል መራራነቱን ስለሚያውቁ አብዛኛውን ጊዜ አይደፍሩትም።

አተካከሉ

እሬት የሚራባው ከእናቲቱ ሥር በሚወጡ ቡቃያዎች ነው። አንድ ቡቃያ አንድ ስንዝር ገደማ ሲሆንና የራሱን ሥር ሲያወጣ፣ አፈሩን በእጅ ወይም በትንሽ ዶማ ገለጥ አድርጎ ከእናቲቱ ጋር የተያያዘበትን ቦታ በስለታም ቢላዋ መቁረጥ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ደንብ ለብዙ ገበሬ እንግዳ ይሆናል። ጎመንና ሽንኩርት የሚተክል ሰው ችግኙ ሳይጠወልግ ቶሎ ለመትከል ይቸኩላል፤ እሬት ግን እንደ ተቆረጠ አይተከልም። የተቆረጠበት ቁስል እስኪደርቅና ቆዳ እስኪያበጅ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን በጥላ ሥር መቀመጥ አለበት። እርጥብ ቁስል እርጥብ አፈር ከነካ ይበሰብሳል፤ የሚሞቱት ቡቃያዎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ በደጋና በወይና ደጋ የምንመርጠው የመስከረምን ሁለተኛ አጋማሽና ጥቅምትን ነው። ክረምቱ ያራሰው አፈር ገና እርጥብ ነው፤ የሚያበሰብሰው ዶፍ ግን አልፏል። በሐምሌ የተተከለ እሬት በተለይ በዋልካ መሬት ላይ ሥር ሳይሰድድ ውኃ ይተኛበታል። ዋልካ ያለበት ሰው በማንኛውም ወቅት ቢሆን በቀጥታ በመሬቱ ላይ አይትከል፤ አፈሩን ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ያለ መደብ ያበጅለት። ቀይ አፈርና ድንጋያማ መሬት ያለው ግን ብዙ አይድከም፤ እሬት ሌላው ሰብል የሚንቀውን መሬት ይወዳል። ፍግም በብዛት አያሻውም።

ጉድጓዱ ሥሩን የሚይዝ ብቻ ይሁን። ቅጠሎቹ የሚጀምሩበት ቦታ ከአፈር በላይ መቅረት አለበት፤ አንገቱ ድረስ የተቀበረ እሬት ከአንገቱ ይበሰብሳል። በሁለት ረድፍ፣ በተክልና በተክል መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ትቶ፣ የሁለተኛው ረድፍ ተክል በመጀመሪያው ረድፍ ክፍተት ትይዩ እንዲውል አድርጎ መትከል ይበቃል። በዚህ አኳኋን 20 ሜትር ለሚረዝም የግቢ ጎን 70 ያህል ቡቃያ ያስፈልጋል። በአንድ ዓመት ይህን ሁሉ ማግኘት ካልተቻለ በ10 እናት መጀመር ነው፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ራሳቸው ቡቃያ ይሰጣሉ። ቡቃያ የማያወጡና በዘር ብቻ የሚራቡ ዓይነቶችም አሉ፤ እነዚህ ለትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፣ አበባቸውን ለማየት የብዙ ዓመታት ቆይታ ይጠይቃሉና።

እንደ ተተከለ ወዲያው ውኃ አይጠጣም፤ ሳምንት ያህል ይቆይ። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው በጋ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጆግ ውኃ ለየተክሉ ቢሰጠው ሥር ይሰድዳል። የእቃ እጣቢና የእህል እጣቢ ይሆነዋል፤ በረኪና የገባበት ወይም ጨው የበዛበት ግን አይሁን። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ያለ ሰው እርዳታ ይኖራል። ሆኖም የተከልነው ለእሳት መከላከያ መሆኑን ካስታወስን፣ ቅጠሉ መቅጠንና ወደ ውስጥ መታጠፍ ሲጀምር በየካቲትና በመጋቢት አንድ ሁለት ጊዜ ማጠጣት የሚገባ ነው። ለመኖር የሚበቃው ውኃና እሳትን ለመቋቋም የሚበቃው ውኃ አንድ አይደለም።

የእሬት አጥር የሚከሽፈው በምን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፈው በመካከሉ በሚበቅለው ሣር ነው። በክረምት በእሬቱ መካከል ለምለም ሣር ይበቅላል፤ እሾኻማ ስለሆነ እጅ ማስገባት ያስጠላል፤ ከብትም አይደርስበትም። ኅዳር ላይ ያ ሣር ደርቆ በእሬቱ ዙሪያ እንደ ትራስ ይተኛል። ይህ ሲሆን እሬቱ እሳት የሚከላከል መሆኑ ቀርቶ ደረቅ ሣር የሚያጠራቅም ይሆናል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ፣ ሣሩ ሳይደርቅ ነቅሎ ለከብት መስጠት፣ በኅዳር ደግሞ የቀረውን ማጽዳት የዚህ አጥር ዋነኛ ሥራ ነው። ከእሬቱ መሥመር ውጭ አንድ ሜትር ያህል መሬት በዶማ ተቆፍሮ ባዶ ቢሆን ደግሞ ሥራው ሙሉ ይሆናል።

ሁለተኛው ከሥር የሚደርቁት ቅጠሎች ናቸው። እሬት ሲያድግ የታችኞቹ ቅጠሎች ደርቀው በግንዱ ዙሪያ ይንጠለጠላሉ። በደቡብ አፍሪካ የሚገኙት ዛፍ መሰል እሬቶች እነዚህን ደረቅ ቅጠሎች እንደ ካባ ለብሰው ግንዳቸውን ከሣር እሳት ሙቀት እንደሚከልሉ ተመራማሪዎች አስተውለዋል። በዱር ላለ ተክል ይህ ጥበብ ነው፤ ተክሉ ይተርፋልና። በቤት ደጅ ላለው ግን እኛ የምንጠብቀው ከተክሉ ይልቅ ቤቱን በመሆኑ፣ ደረቁ ቅጠልና ያበበው አገዳ ደርቆ ሲቀር ተቆርጦ ይነሣ። አይጥና እባብም የሚጠለሉበት አያገኙም።

ስለ ኅዳር ካነሣን አይቀር፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ የማጠን ልማዳችን በ1911 ዓ.ም. ከተከሠተው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የሚታወስ ነው። ቆሻሻውን መሰብሰቡ ደግ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ወሩ ሣር የሚደርቅበት ወር ነው። ከአጥሩና ከክምሩ ርቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ፣ ውኃ በአጠገብ ተዘጋጅቶ ይሁን። አመዱም የጠፋ መስሎ ፍም በውስጡ አምቆ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል ውኃ ሳይፈስበት በእሬቱ ሥር አይደፋ።

አበባውና መራራው ፈሳሽ

እሬት የሚያብበው እንደ ዓይነቱና እንደ አገሩ በተለያየ ጊዜ ነው። ከመካከሉ የሚወጣው አገዳ ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ አበባውን ሲያወጣ፣ በተለይ ሌላው ሁሉ በደረቀበት ወቅት ከሆነ፣ ንቦችና አበባ የሚቀስሙ ወፎች ይሰበሰቡበታል። ቀፎ ያለው ቤተሰብ ይህን እንደ ትርፍ ይቁጠረው። አበባው ገና ሳይደርቅ አገዳውን መቁረጥ የለበትም፤ እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ ለእሳቱም ስጋት አይደለም።

ቅጠሉ ሲቆረጥ ከቆዳው ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ግን መካከሉ ካለው ውኃማ ክፍል የተለየ ነው። መራራው እርሱ ነው፤ ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ነገር አለበት። በባህላዊ መንገድ ለሆድ ድርቀት የሚጠጡት አሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በዚህ ፈሳሽ የተሠሩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎችን እ.ኤ.አ. በ2002 ከገበያ እንዲወጡ ያደረገው አምራቾቹ የደኅንነት ማስረጃ ባለማቅረባቸው ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕፃንም ከቶ ሊጠጡት አይገባም። የተከልነው ለአጥር ነው፤ መድኃኒት ቤት አናድርገው።

እሳት ያቃጠለውን ሰው ግን ብዙዎች መጀመሪያ የሚወስዱት ወደ እሬቱ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውኃ ነው። የተቃጠለውን ቦታ ንጹሕና ቀዝቃዛ በሆነ በሚፈስ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ቅቤ፣ ዱቄት፣ ጭቃ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ቆዳው ላልተላጠና ውኃ ላልቋጠረ ቀላል ቃጠሎ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ከቢጫው ፈሳሽ የጸዳውን ውኃማ ክፍል መቀባት ጉዳት የለውም፤ ፊቱ፣ እጁ ወይም መገጣጠሚያው ለተቃጠለ ሕፃን ግን እሬት ሲፈልጉ ጊዜ ማጥፋት አይገባም።

በቤተ ክርስቲያን ቅጽር

በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር በመሆን የቤተ ክርስቲያን ደኖች በድንጋይ ካብ እንዲከበቡ ሲሠሩ ቆይተዋል። የካቡ ዋና ዓላማ ከብትን መከልከልና የደኑን ወሰን ማጽናት ነው። እንዲህ ያለ ካብ ባለበት አጥቢያ፣ ከካቡ ውጭ ሁለት ረድፍ እሬት ተተክሎ በመሥመሩ ዳር ያለው ሣር በየኅዳሩ ቢጸዳ፣ ከማሳ የሚመጣው እሳት ደኑ ሳይደርስ የሚዳከምበት ሰፊ ዳርቻ ይገኛል። በደኑ ውስጥ ግን እሬት እንዲተከል አንመክርም፤ ጥላው አይስማማውም፣ የአገሩ ዛፍ ችግኝ የሚበቅልበትንም ቦታ ይይዛል። በቅጽሩ ውስጥ ያለው አደጋ ከጧፍና ከማዕጠንት ፍም የሚነሣ በመሆኑ በእሬት አይመለስም፤ ለፍሙ መድፊያ በድንጋይ የተከበበ ጉድጓድ ያስፈልገዋል።

የሰበካ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህን ሥራ በአንድነት ሲጀምሩ ብዙ ቡቃያ በአንድ ጊዜ ስለሚፈልጉ ወደ ተራራና ወደ ገደል መሄድ ይቃጣቸው ይሆናል። ይህ መሆን የለበትም። ከአገራችን እሬቶች አንዳንዶቹ በጠባብ አካባቢ ብቻ የሚኖሩ ናቸው፤ ከአሎ ቬራ በቀር ሁሉም የእሬት ዝርያዎች በዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ሥር ይገኛሉና ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጡም። ቡቃያው ከጎረቤት ጓሮ፣ ከመንገድ ዳር አጥር ወይም ከወረዳው ችግኝ ጣቢያ ይለመን። ከአንዲት እናት በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ቡቃያ አይነሣም፤ ከተነሣም በኋላ የተገለጠው ሥሯ በደረቅ አፈር ተሸፍኖ፣ ቁስሏ እስኪደርቅ ለአንድ ሳምንት ውኃ ሳይነካት ትቆያለች።